በር ላይ የቆመችው ቮልስዋገን

የአቶ በዛብህ ቮልስዋገን ግማሽ አካሏን ወደ መንገዱ አውጥታ፣ ግማሹን ግቢ ውስጥ አስቀርታ፣ በሩ መካከል ሞተሯ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አልነሳም አለች። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ኅዳር ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት። ከወጨጫ የሚወርደው ነፋስ ፊት ይቆነጥጣል።

ቀጄላ መፍቻዎቹን በጆንያ ጠቅልሎ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ጋራዥ ድረስ በእግሩ ነው የመጣው። ሰው ልከው ያስጠሩት የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ናቸው። ባላቸውን አላስፈቀዱም።

"ማን ጠራህ?" አሉት አቶ በዛብህ።

"መኪናዋ ቆማለች ተባልኩ።"

"እኔ አልጠራሁህም።"

"እሺ። ልመለስ?"

አቶ በዛብህ ከመኪናዋ ፈቀቅ አሉለት። መኪናዋን ከእሱ በቀር የሚያውቃት የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠግናት የኖረው እሱ ነው። ደግሞም ቸኩለዋል። የቸኮለ ሰው አያማርጥም።

በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ግን የመኪና ብቻ አልነበረም። ከአስኮ ወዲያ፣ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ፣ አቶ በዛብህ ሰፊ መሬት ነበራቸው። የቀጄላ አባት የዚያ መሬት ጭሰኛ ነበሩ። መሬቱ በስልሳ ሰባት ተወረሰ። ትርፍ ቤቶቹም ተወረሱ። ለአቶ በዛብህ የቀራቸው የሚኖሩበት ቤት፣ ይህች መኪናና አንዲት ልጅ ናቸው። ልጅቱ ጽጌማርያም ትባላለች፤ አስተማሪ ናት። ባለፈው እሁድ የጭሰኛው ልጅ ሦስት ሽማግሌ ልኮ እሷን ጠየቀ። አቶ በዛብህ "እንመካከር። የዛሬ ሳምንት መልስ እሰጣለሁ" ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኙ። ሳምንቱ የሚሞላው ነገ ነው።

ቀጄላ ወደ ቤቱ መስኮት አየ። መጋረጃው ተነቃነቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ብቻ ለሳምንት ይበቃው ነበር። ዛሬ አልበቃውም።

የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ ነው። ክዳኑን አነሳና "ቁልፉን ያዙሩት" አለ። ማስነሻው ሞተሪኖ ሁለት ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ።

"ባትሪውን ጨርሰውታል።"

"ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ እየሞከርኩ ነው!"

"ለዚህ ነው ያለቀው።"

"አስተምረኛ! አባትህ ማረሻ ሲሰበርበት የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር።"

"ይመጡ ነበር" አለ ቀጄላ ቀና ሳይል። "ፀሐይ ላይ አቁመው ያውሏቸውም ነበር።"

አቶ በዛብህ ከኪሳቸው ሱረት አውጥተው በአፍንጫቸው ሳቡ። ሲናደዱ እንዲህ ያደርጋሉ። ዛሬ ሦስተኛቸው ነው።

ቀጄላ እሳት ከሚሰጡት ካንዴላዎች አንዱን ፈትቶ ብረቱ ላይ አስደገፈ። ሞተሩን በመፍቻ በእጁ እያዞረ ተመለከተ። ቀጭን እሳት ብልጭ አለ። ስለዚህ እሳት አለ። ካንዴላው ደግሞ ርሷል። ስለዚህ ነዳጅም ይደርሳል።

"እሳት ካለ፣ ነዳጅም ከደረሰ፣ ለምን አትነሳም?"

"እሱን ነው የምፈልገው።"

"ወይስ እያወቅህ ነው?"

ቀጄላ ካንዴላውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ቆየ። ከዚያ ማጠራቀሚያውን ለማየት ወደ መኪናዋ ፊት ሄደ። በቮልስዋገን የቤንዚን ማጠራቀሚያውና ዕቃ መጫኛው አንድ ክዳን ስር ናቸው። አቶ በዛብህ ይህን በንዴት ዘንግተውት ነበር። "ቆይ!" ሲሉ ክዳኑ ተነስቷል።

ውስጡ ቡናማ ሻንጣ አለ። ቀጄላ ያውቀዋል። ጽጌ ከመምህራን ማሠልጠኛ የተመለሰች ቀን ከፌርማታ እስከ ሰፈሯ ጥግ የተሸከመላት እሱ ነው።

"የት ነው የምትሄደው?"

"የቤቴን ጉዳይ ትጠይቀኛለህ?"

"የት ነው የምትሄደው፣ አቶ በዛብህ?"

"ደብረ ብርሃን። አጎቷ ዘንድ። እዚያው ሥራ ተፈልጎላታል፣ እዚያው ትቀራለች።"

"ነገስ? ሽማግሌዎቹ?"

"ነገ የተዘጋ በር አንኳኩተው ይመለሳሉ። መልሴ እሱ ነው። አሁን መኪናዬን አስነሳ።"

ቀጄላ መፍቻውን ጨበጠ። መኪናዋን ካስነሳ ጽጌ ትሄዳለች። ካላስነሳ ሙያ የሌለው፣ አለዚያም ተንኮለኛ ይባላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አሰበ። የእሷ መሄድ ይብስ ነበር።

"ጌታዬ፣ ቁርስዎ በረደ። አንድ ጊዜ አፍዎ ያድርጉ" አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከቤቱ በር ብቅ ብለው። ድምፃቸው የሚያባብል ነው፤ ዓይናቸው ግን ቀጄላ ላይ ነበር። አቶ በዛብህ እያጉረመረሙ ገቡ። ወዲያው በጓሮ በር ጽጌ ወጣች።

ለመንገድ ለብሳለች። ዓይኗ ቀልቷል። ያለቀሰ ሰው ዓይን አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ፣ የተቆጣ ሰው ዓይን ነው።

"ልትሄጂ ነበር" አላት።

"ልሄድ ነበር።"

"ሳትነግሪኝ።"

"አንተስ ምን ነገርከኝ?" ከሹራቧ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ መኪናዋ ላይ ጣለችው። "ደብዳቤህ ይኸው። አንብበው።"

ቀጄላ ወረቀቱን አልነካውም። ረቡዕ የጻፈው ነው። ሁለት መስመር ነበር። *አባትሽ እሁድ እምቢ ካሉ ሁለተኛ ደጃችሁን አልረግጥም። አንቺም እርሺኝ።*

"ተናድጄ ነው የጻፍኩት።"

"ሦስት ዓመት ጠበቅሁህ፤ ሁለት መስመር ላክህልኝ። ቃላቱን በእንባ ሳይሆን ጥርሴን ነክሼ ነው ያነበብኳቸው። ሽማግሌ ላክህ፤ አባቴን ጠየቅህ። አባቴ እምቢ ካለ እርሺኝ አልክ። እኔን መቼ ጠየቅኸኝ? እኔ የአባቴ መሬት ነኝ? ቢሰጥህ ልትይዘኝ፣ ቢከለክልህ ልትለቀኝ?"

ቀጄላ ዓይኑን ወደ ሻንጣው መለሰ። መልስ ያጣ ሰው ይከፋል።

"ሻንጣሽን ማን አሰናዳው?"

"እኔ።"

"በገዛ እጅሽ?"

"በገዛ እጄ። እያንዳንዱን ልብስ እየወረወርኩ።"

ነፋሱ ወረቀቱን ገፋው። ሁለቱም አይተው አልያዙትም። ከዚያ ጽጌ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ባለፈው ቅዳሜ ዘይት ስትቀይርላት አንድ ነገር አድርገሃታል? አባቴ እሱ ነው ያበላሻት ይላል።"

"አንቺም ይህን ታስቢያለሽ?"

"ጠየቅሁህ እንጂ።"

"እኔ ሰው አምኖ የሰጠኝን መኪና አላበላሽም!" አለ ቀጄላ። "ከእጄ በቀር ምንም የለኝም። እሱንም ሌባ አደረግሽው።"

ጽጌ ረጅም ጊዜ አየችው። በዓይኗ ውስጥ የነበረ ተስፋ ሲጠፋ ታየ።

"አላበላሽኩም በለኝ ብዬ አልነበረም የጠየቅሁህ" አለች። "አበላሽቻለሁ እንድትለኝ ነበር። አንተ ለእኔ ብለህ አንዲት ብሎን አታላላም።"

ዞራ ወደ በረንዳው ሄደች። ቀጄላ ባለበት ቀረ። ስድብ የመሰለው ነገር ልመና እንደነበረ የገባው አሁን ነው። ንዴቱ ከእሷ ላይ ተነስቶ ራሱ ላይ ተቀመጠ።

ቢሆንም ሥራውን ቀጠለ። ሌላ ነገር ማድረግ አያውቅም። ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከቶ በአፉ ሳበ፤ ወዲያው ተፋ። የወጣውን በጣሳ ተቀበለ። ከጣሳው ጥቂት በመዳፉ ላይ አንጠባጥቦ እጁን ወደ ነፋሱ ዘረጋ። ቤንዚን ቢሆን መዳፍ አቀዝቅዞ ወዲያው ይበናል። ይህ አልበነነም። እንደ ቅባት ተኝቶ ያብለጨልጫል።

ላምባ ነው። ንጹሕ የምድጃ ላምባ።

አቶ በዛብህ ካፖርታቸውን ለብሰው ተመለሱ።

"ዛሬ ምን ጨመሩባት?" አላቸው ድምፁን ቀንሶ።

"ቤንዚን ነዋ! ሌላ ምን ይጨመራል?"

"ከየት ያመጡት?"

አቶ በዛብህ ወደ ዕቃ ቤቱ አዩ። ቀጄላ ነገሩ ገባው። ቤንዚን በኩፖን ነው የሚታደለው፤ የወሩ ኩፖን ደግሞ ደብረ ብርሃን አያደርስም። አዛውንቱ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቀሩ ቤት ውስጥ አጠራቅመዋል። ቤንዚን በቤት ማከማቸት ያሳስራል። የላምባ ጀሪካን ከቤንዚኑ ጀሪካን ጋር ተምታቶባቸዋል። በሱረት የደነዘዘ አፍንጫቸው ሽታውን አልለየም።

"ከየት አመጣህ ማለት ምን ማለት ነው?" አቶ በዛብህ ጮኹ። "ልትከሰኝ ነው? መሬቴን ወሰዳችሁ፣ ልጄን ልትወስድ መጣህ፣ አሁን ደግሞ ልታሳስረኝ ነው?"

"ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።"

ሰው ሰምቷል። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጓድ ፀሐዬ ጠመንጃውን አንግቶ በመንገዱ ሲያልፍ የመኪናዋ አፍንጫ አገደው።

"ምንድን ነው? መንገድ ዘጋችሁ እኮ" አለ። "ሰልፍ ከሆነ ቀድሞ ይነገረናል።"

አቶ በዛብህ ፊታቸው አመድ መሰለ። የፈራ ሰው ቀድሞ ይመታል።

"ጓድ ፀሐዬ፣ ይኸውልህ! ልጄን ስለከለከልኩት መኪናዬን አበላሸ። አሻጥር ነው!"

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ እሳቸውም ደነገጡ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል አንዴ ከወጣ ባለቤቱ ቢጠራውም አይመለስም። አሻጥረኛ ተብሎ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ከጎረቤት አጥር በላይ ሁለት ራስ ብቅ አለ።

"እርስዎ ሰውን በአሻጥር ሲከሱ ሰማሁ" አለ ፀሐዬ ፈገግ ብሎ። "ዘንድሮ የማንሰማው የለም።" ወደ ቀጄላ ሲዞር ግን ፈገግታው ጠፋ። "አንተ፣ ምንድን ነው የሆነችው?"

ቀጄላ እርጥብ መዳፉን ጨበጠ። ላምባ ነው ቢል ነጻ ይወጣል። ግን ላምባ ከቤንዚን ማደያ አይቀዳም፤ ከየት መጣ ይባላል። ቤቱ ይፈተሻል። ሌላው ጀሪካን ይገኛል። አባቷ ይታሰራሉ። እስር ቤት ደጃፍ ስንቅ ይዛ የምትሰለፈው እሷ ናት።

አቶ በዛብህን አየ። ጠላቸው። ይህን ያህል ሰው ጠልቶ አያውቅም።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "ባለፈው ሳምንት ስሠራት የሞተሩን ብሎን በደንብ አላጠበቅሁትም።"

"አውቀህ ነው፣ ሳታውቅ?"

"ሳላውቅ።"

"እሱን ቀበሌ እንጠይቅሃለን። ዕቃህን ሰብስብ።"

ጽጌ በረንዳው ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ይህ ቅድም መኪና አላበላሽም ብሎ የጮኸባት ሰው ነው። ከእጄ በቀር ምንም የለኝም ያለ ሰው በሰፈር ሰው ፊት እጄ ጥፋተኛ ነው ይላል። ወርዳ መጣች። ማንንም አላየችም። የጨበጠውን እጁን ያዘች።

"ጽጌማርያም!" አሉ አባቷ።

አልሰማችም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ጎንበስ ብላ መዳፉን አሸተተች። ላምባ ሸተታት፤ ነገሩም ትዝ አላት።

ሐሙስ ዕለት የቀበሌው ሱቅ ሳይታሰብ የሁለት ወር ላምባ በአንድ ጊዜ አደለ። ሰው ያገኘውን ዕቃ ይዞ ሮጠ። እሷም ከአባቷ ሁለት ጀሪካኖች ባዶውን አንስታ ተሰለፈች። አሥር ሊትር ቀድታ ከሙሉው አጠገብ መልሳ አስቀመጠችው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ናቸው። ለአባቷ መንገር ረሳች። የዚያን ቀን ልቧ ከሁለት መስመር ደብዳቤ ጋር ነበር።

ቀና ብላ ቀጄላን አየችው። እያወቀ እንደዋሸ አወቀች። ለምን እንደዋሸም አወቀች። አትናገሪ የሚል ዓይን መለሰላት። ይህን ዓይን በማየቷ ይበልጥ ተናደደች።

"ጓድ ፀሐዬ፣ ይህ ሰው ይዋሻል" አለች። እጁን አልለቀቀችም። "ብሎን አይደለም። ጣሳውን ያሽትቱት፤ ላምባ ነው። ሐሙስ የታደልነውን ላምባ ዛሬ ማለዳ ማጠራቀሚያው ውስጥ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"እንዳልሄድ።"

"የት?"

"ከእሱ ተለይቼ፣ የትም።"

ከአጥሩ በላይ ያሉት ራሶች ሦስት ሆነዋል። ወይዘሮ ወለተጻድቅ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ፀሐዬ ጣሳውን አንስቶ አሸተተ፤ ፊቱን አኮማተረ፤ ከዚያ ጠመንጃው ከትከሻው እስኪንሸራተት ሳቀ።

"ስንት ሊትር ነው?"

"አሥር።"

"አሥር!" ሳቁ ቆመ። "ሰው አንድ ጠርሙስ አጥቶ ከእኔ ጋር ይጣላል፣ አንቺ ሰፊው ሕዝብ የተሰለፈበትን ላምባ ለቮልስ ታጠጫለሽ? እስከ ጥር የላምባ ተራ የላችሁም። በምን እንደምታበስሉ አያለሁ።"

"በእንጨት እናበስላለን።"

"ምላሷን እዩልኝ!" ወደ አቶ በዛብህ ዞረ። "አሻጥረኛውን ውጭ ይፈልጋሉ፤ እርስዎ ቤት ነው ያደገው።" እየሳቀ መንገዱን ቀጠለ። ከሩቅም "ለቮልስ!" ሲል ተሰማ።

አቶ በዛብህ ምንም ሳይናገሩ ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡ። ቆዩ። ሲመለሱ ካፖርታቸው በአንድ ጎን አብጧል። ሰማያዊውን ጀሪካን ከካፖርቱ ስር አውጥተው ቀጄላ እግር ሥር አኖሩት። ይህኛው ቤንዚን ነው።

"ታውቅ ነበር" አሉት።

"አውቅ ነበር።"

"የማንንም ምሕረት አልለመንኩም! ያውም ያንተን!"

"ምሕረት አይደለም። ለእርስዎ ብዬ መሰለዎት?" ቀጄላ ፊት ለፊት አያቸው። "እኔን ሊያስገድሉኝ ነበር፣ አቶ በዛብህ። ይህን አልረሳውም።"

ወደ ሥራው ተመለሰ። ላምባውን ጨርሶ ቀዳ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አደረቀ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፣ ቤንዚኑን ጨመረ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀና አላለም። ጽጌ ግድግዳ ተደግፋ ታየዋለች። ሊሸሽ ይችል ነበር። ወይም ሊያስቀራት አንዲት ሽቦ መበጠስ ይችል ነበር። ሁሉንም ብሎን በየቦታው አጠበቀ። ሞኝነት ነው አለች በልቧ። ሌላ ዓይነት ሰው ቢሆን ግን እንዲህ አታብድለትም ነበር።

ባትሪው ስላለቀ መኪናዋ በግፊት መነሳት አለባት። አቶ በዛብህ መሪውን ያዙ። ቀጄላ ከኋላ ትከሻውን አስደገፈ። ጽጌ መጥታ ከጎኑ ገፋች።

"ተዪው፣ ከባድ ነው።"

"አንተ ተወው።"

ሁለቱም እየተናደዱ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ሊለያያቸው የተዘጋጀውን ነገር ገፉት። ቮልሷ ቁልቁለቱን ያዘች፤ ሁለት ጊዜ አሳለች፤ ነጭ ጭስ ተፋችና ተነሳች። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች።

"ነይ ግቢ!" አሉ አቶ በዛብህ በመስኮት።

ጽጌ መንገዱ መካከል ቆማለች። ታለከልካለች። እጇ ጥላሸት ሆኗል።

"ጠይቀኝ" አለች ቀጄላን።

"አሁን?"

"አሁን። ሽማግሌ ሳትልክ፣ ወረቀት ሳትጽፍ። አባቴ እየሰማ።"

ቀጄላ ወደ መኪናዋ አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ። ሦስት ዓመት ሲያጠና የኖረው ቃል ሁሉ ጠፋበት።

"አባትሽ እሺ ቢሉም፣ እምቢ ቢሉም፣ ታገቢኛለሽ?"

"ተናድጄብሃለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ አይበርድልኝም። ነገም አይበርድልኝም።"

"ይሁን።"

"አገባሃለሁ" አለች፤ የሚጣላ ሰው በሚናገርበት ድምፅ።

አቶ በዛብህ ሰሙ። ሞተሩ ይሠራል፣ ስንት ወር ያጠራቀሙት ቤንዚን ይነዳል፣ እሳቸው ግን ወደፊትም ወደኋላም አልሄዱም። ደብረ ብርሃን ብቻቸውን ምን ያደርጋሉ? ነገ ለሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉ አላወቁም። ጭሰኛውን፣ የጭሰኛውን ልጅ፣ ቀበሌውን፣ ዘመኑን በየተራ ረገሙ። እርግማኑ አለቀ፤ ንዴቱ ግን አላለቀም። ጽጌ ውሸት አታውቅም ነበር፤ ልጅ ሳለች እንኳ ብትመታ እውነቱን ትናገራለች። ዛሬ በሰፈር ፊት ዋሸች። "ያንን ውሸት ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ለእሱ ብለሽ?" ብለው ሊጠይቋት አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። መልሱን ፈሩትና አንገታቸውን መለሱ።